ለጀማሪ የሚስማማው ሊኑክስ የትኛው ነው?

ባለፈው ሴሚስተር ፈተና በተቃረበበት ሳምንት፥ በአንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ ስለ ኮምፒዩተር የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። የነገሩ መነሻ የአንድ ባልንጀራችን ላፕቶፕ ነበር። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ራሙ አራት ጊጋባይት ብቻ ነው፤ በርቶ ለሥራ እስኪደርስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል፤ ዊንዶውሱም «ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም» እያለ በየቀኑ ይከስሰዋል። አንዱ «ኡቡንቱ ጫንበት» አለው። ሁለተኛው በፊልም ያየውን አስታውሶ «ካሊ ይሻላል፥ የጠላፊዎች ነው» አለ። ሦስተኛው «ሊኑክስ ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ እንጂ ለአካውንቲንግ ተማሪ ምን ይሠራለታል?» ሲል ተቃወመ። ባለቤቱ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ «እሺ፥ ግን ከየት አምጥቼ? በየትኛው ኔትዎርክ?» ብሎ ጠየቀ። በዚያች ሌሊት ከተናገሩት ሁሉ ቁም ነገሩን የነካው እሱ ይመስለኛል፤ ይህችንም ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለእሱ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው።

አስቀድሜ ነገሩ እኔን ራሴን እንዴት እንደ ነካኝ ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ለዕረፍት ወደ ቢላ፥ ወደ ወላጆቼ ቤት ስሄድ፥ የሦስት ሳምንት ድካም የፈሰሰበትን የመስክ ጥናት ረቂቅ በፍላሽ ይዤ ነበር። በመንገዴም በአንዲት ከተማ የጥናቱን መጠይቅ ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ቢላ ደርሼ በጎረቤታችን መምህር ኮምፒዩተር ፍላሹን ስከፍተው፥ ትንሽ ቀስት ካለባት አንዲት ምልክት በቀር ምንም አልነበረበትም። ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ነው። መምህሩ አዝነው «ጠፍቷል ልጄ፤ ፎርማት እናድርገው» አሉኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። ዘግይቶ የገባኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጽሑፌ በዚያች ሰዓት አልጠፋም ነበር። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ እንደ ልማዱ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም፤ በሊኑክስ የተነሣ ኮምፒዩተር ደግሞ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማይቆጥረው፥ ፍላሹን ብንከፍትበት ኖሮ ጽሑፉን ቁጭ ብሎ እናገኘው ነበር። ያጠፋነው እኛው፥ በፎርማት ነው።

ከዚያ ወዲህ የዊንዶውስ ነገር ለአሮጌ ላፕቶፕ ባለቤት ይበልጥ ከፋ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እርማት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ ክፍልና፥ በኢንቴል በኩል በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ እኛ ዘንድ የደረሰ ላፕቶፕ ይህን ከየት ያመጣዋል? በየሱቁ «አክቲቬት» ተብሎ የሚጫንልን የተሰበረ ቅጂም አለ፤ ከእሱ ጋር ምን አብሮ እንደሚገባ ግን ጫኙም ተጫኙም አያውቁም።

ሊኑክስ ምንድን ነው ለሚል አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ሲበራ ራሙን፥ ዲስኩን፥ ስክሪኑንና ቁልፎቹን ተረክቦ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍል ዋና ፕሮግራም አለ፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወይም ሥርዐተ ክወና ይባላል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ በመስከረም 1976 ዓ.ም. ማንም ሰው ሊያነበው፥ ሊያርመውና ሊያባዛው የሚችል ሥርዐት እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ ስሙንም ግኑ አለው። ብዙ ክፍሎቹ ተሠርተው ልቡ፥ ማለት ከርነል የሚባለው፥ ሳይደርስ ቆየ። በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የራሱን ከርነል መጀመሩን አስታወቀ፤ ጥቂት ቆይቶም ለግኑ በተዘጋጀው ፈቃድ ሥር አወጣው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ሙሉ ሥርዐት ሆነ። ፈቃዱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ያመጣውን ቅጂ መቶ ተማሪ ቢገለብጠው ሌብነት አይደለም። ይህች መጽሔት ከእጅ ወደ እጅ እንደምትተላለፈው ሁሉ እሱም ይተላለፋል።

ሊኑክስን ነክቼ አላውቅም የሚል ሰው ስልኩን ከኪሱ ያውጣ። አንድሮይድ ከሆነ ልቡ ሊኑክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ፥ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች፥ አስተማሪ ሳይመድብ አንድሮይድ ያለባቸው ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ እንደ ገለጸው ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዳይሠራ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው ተገኙ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ደርሰን «ሊኑክስ ከባድ ነው» ስንል የወንጪ ልጆች ቢሰሙን ምን ይሉን ይሆን?

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንመለስ። ሊኑክስ አንድ ሆኖ ሳለ ዓይነቱ ስለምን በዛ? ከርነሉን ወስዶ የፈለገውን የመስኮት መልክ፥ የፈለገውን ፕሮግራምና የራሱን የማደሻ ደንብ ጨምሮ በስሙ የሚያወጣ ቡድን ብዙ ስለ ሆነ ነው። ቡናው አንድ ነው፤ አቆላሉና አቀራረቡ ግን የየቤቱ ነው። ይህንንም ዲስትሮ ይሉታል።

በውጭ አገር የሚጻፉ ምክሮች «ለጀማሪ የሚስማማ» ሲሉ መልኩ ያማረውን፥ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሁሉን ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ማለታቸው ነው። በወለጋ ለምንኖር ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር፥ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮም በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል እንደ ተዘጋ የምናስታውሰው ነው። ኔትዎርኩ ባለበትም ቀን ዳታው በብር ይገዛል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለእኛ ጀማሪ የሚስማማው ሊኑክስ ያለ ኔትዎርክ የሚጫን፥ ያለ ኔትዎርክ የሚጠገን፥ ጎረቤትም ያለው ሊኑክስ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በዚህ ሚዛን ካሊ ወዲያው ይወድቃል። ካሊ የኮምፒዩተርን ጥበቃ ለሚፈትኑ ባለሙያዎች የተሰናዳ ነው፤ ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው እንደማይመከር አዘጋጆቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ፊልሙን ያየው ባልንጀራችን ይቅር ይበለኝ። አርች የሚባለውም ሁሉን በእጅ አስተካክሎ ለመማር ለሚሻ ጥሩ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ግን መንፈቅም አያስኬድም። ፌዶራ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ሆኖም አዲስ እትም በየስድስት ወሩ ይወጣል፥ አንዱ እትም የሚታረመውም ለ13 ወር ያህል ብቻ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ለማን ይመቸዋል?

ኡቡንቱ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ያስጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው፤ የመጀመሪያው እትም በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ወጣ። ስሙም በደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች «ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው» የሚለውን አሳብ የያዘ ቃል ነው። ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር፤ ይህ ልማድ በ2003 ዓ.ም. ቀረ፤ ለእኛ ሲሆን ባልቀረ። የእትሙ ቁጥር የፈረንጆቹን ዓመትና ወር ያመለክታል፤ 24.04 ማለት የ2024 ኤፕሪል ነው። በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል የሚወጣው ኤልቲኤስ የሚባለው እትም አምስት ዓመት ሲታረም፥ በመካከል የሚወጡት ዘጠኝ ወር ብቻ ይታረማሉ። ስለዚህ ኡቡንቱ የሚመርጥ ሰው ኤልቲኤስ ካልሆነ በቀር አይንካ። ችግሩ ሌላ ነው። የ24.04 ቅጂ ከአምስት ጊጋባይት በላይ ይመዝናል፤ አራት ጊጋባይት ራም እንደ ትንሹ መጠን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ፋየርፎክስንና ሌሎችን ፕሮግራሞች ስናፕ በሚባል መንገድ ያቀርባል፤ ስናፕም ሳይጠየቅ በቀን አራት ጊዜ ያህል አዲስ ነገር አለ ወይ እያለ ይፈትሻል፥ ሲያገኝም ራሱ ያወርዳል። ይህ ቅንብር ሊታገድ ይችላል፤ ነገር ግን ጀማሪው መታገድ እንዳለበት የሚያውቀው የስልኩ ዳታ ካለቀ በኋላ ነው።

ሊኑክስ ሚንት የተወለደው ከኡቡንቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. የጀመረው ክሌማን ለፌቭር የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፥ ዋናው እትሙ በኡቡንቱ ኤልቲኤስ ላይ ይገነባል፤ 22ኛው እትም የቆመው በ24.04 ላይ ነው። ቅጂው ወደ ሦስት ጊጋባይት ይጠጋል። ስናፕን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከቤቱ አስወጥቷል፤ ፋየርፎክስም እንደ ተራ ጥቅል ይመጣል። ማደሻው እርማቶቹን ዘርዝሮ ያሳያል፤ የትኛው ዛሬ ይውረድ፥ የትኛው ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ታይምሺፍት የሚባል መሣሪያም አብሮት አለ፤ ሥርዐቱ ደህና በነበረበት ቀን ፎቶግራፉን አንሥቶ ያስቀምጣል፥ ቢበላሽ ወደዚያ ቀን ይመልሳል። አደራ፥ ይህ የሚመልሰው ሥርዐቱን ነው፤ የእናንተን አሳይመንት አይደለም፤ እሱን በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሚንት በሦስት መልክ ይወጣል። ሲናሞን ለዊንዶውስ ለለመደ ዓይን ቅርብ ነው፤ ከታች መስመሩ፥ በግራ ማእዘን ሜኑው፥ በቀኝ ሰዓቱ። ስምንት ጊጋባይት ራም ያለው ሰው እሱን ይውሰድ። ኤክስኤፍሲኢ መልኩ ቀለል ያለ፥ ሸክሙም ያነሰ ነው፤ አራት ጊጋባይትና ከዚያ በታች ላለው እመክረዋለሁ። ማቴ የሚባለውን እኔ ስላልሞከርሁት አልፈርድበትም። ሚንት በትንሹ ሁለት ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ ይበቃኛል ይላል፤ በሁለት ጊጋባይት ግን ብራውዘር ከፍቶ ሁለት ገጽ ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ገንዘብ ያለው ሰው አሮጌውን የሚሽከረከር ዲስክ በኤስኤስዲ ቢለውጥ ከማናቸውም የዲስትሮ ምርጫ ይበልጥ ፍጥነቱ ይታየዋል። ፕሮሰሰሩ 32 ቢት የሆነ በጣም አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ደግሞ ደቢያን 12ን ይፈልግ፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው 13ኛው በ32 ቢት ኮምፒዩተር ላይ በአዲስ መልክ መጫኑን ትቷል።

ስለ ጽሕፈት ነገር ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰሌዳ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ አማርኛን ለማንበብ ዛሬ ሊኑክስ አያስቸግርም። ለመጻፍ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለው መሣሪያ ይጫናል፤ በውስጡ ሴራ የሚባለው አማርኛ የአነጋገሩን ድምፅ በላቲን ቁልፍ ሲመቱት ፊደሉን ያወጣል። አበሲኒካ የሚባለውን የፊደል ቅርጽም ከእሱ ጋር ጫኑ። የሚያስቸግሩት በዱሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶች ናቸው፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ዘዴ የተጻፉት ያ የፊደል ቅርጽ ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ይታያሉ። በእንግሊዝኛ በታይምስ ኒው ሮማን የተጻፈ ጥናት ግን አያሳስባችሁ፤ ሊበሬሽን ሴሪፍ የሚባለው ነጻ ቅርጽ የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ከእሱ ጋር እኩል ሆኖ ስለ ተሠራ መስመሩ አይዛነፍም።

አፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ሰው ነገሩ ይቀልለዋል። እዚሁ ነቀምቴ ያስተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጽሕፈቱ በቁቤ ስለ ሆነ የላቲን ቁልፍ ይበቃል። አንዲት ወጥመድ አለች። በመጫን ጊዜ የቁልፍ ሰሌዳ ምረጡ ሲላችሁ ተራውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ምረጡ፤ «ኢንተርናሽናል» የሚለውን ከመረጣችሁ የሁድሃዋ ምልክት ወዲያው አትወጣም፥ ቀጥሎ ከሚመጣው ፊደል ጋር እየተጣበቀች ታስቸግራለች።

አሁን ለአካውንቲንግ ተማሪው ተቃውሞ መልስ ልስጥ። እውነት አለው። ፒችትሪ በሊኑክስ ላይ በወጉ አይሠራም፤ አውቶካድም እንዲሁ። የስታቲስቲክስ ተማሪ በኤስፒኤስኤስ ፈንታ ፒኤስፒፒን ወይም አር የሚባለውን፥ የካርታ ተማሪ በአርክጂአይኤስ ፈንታ ኪውጂአይኤስን ያገኛል፤ ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ አብሮ ይመጣል። ነገር ግን መምህሩ ፈተናውን በፒችትሪ የሚሰጥ ከሆነ ተማሪው ምን ያድርግ? ዲስኩ ሰፊ ከሆነ ዊንዶውስን ሳያጠፋ ሊኑክስን በጎን ይጫን፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል።

ሳይጫን መሞከር እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። ቅጂውን ስምንት ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ ሩፉስ ወይም ቬንቶይ በሚባል መሣሪያ አድርጉት፤ ቬንቶይ በአንድ ፍላሽ ላይ ብዙ ዲስትሮ ስለሚያስቀምጥ ለመኝታ ክፍል ይስማማል። ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ከሆነ ሻ256 የሚባለውን የማረጋገጫ ቁጥሩን አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር አስተያዩ፤ አንዲት ፊደል ከተለየች ቅጂው ተበላሽቷል ወይም ሰው ነክቶታል። ከዚያ ፍላሹን ሰክታችሁ ስታበሩ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12ን፥ በኤችፒ ኢስኬፕን ቀጥሎም ኤፍ9ን ምቱ። ሊኑክሱ ከፍላሹ ይነሣል፤ ዲስኩን አይነካም። ዋይፋዩ ይሠራል ወይ? ድምፁስ? ይህን ሁሉ በዚያው እዩ። በተለይ የብሮድኮም ዋይፋይ ያለበት ላፕቶፕ ሾፌሩ እስኪገባለት ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ስልካችሁን በገመድ አያይዛችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ብትከፍቱ በአብዛኛው ወዲያው ኔትዎርክ ያገኛል።

ለመጫን ስትወስኑ ባትሪው ሙሉ ይሁን። መብራት በመካከል ቢሄድና ባትሪው የሞተ ቢሆን ዲስኩ በግማሽ ተከፍሎ ይቀራል። በመካከልም «ዲስኩን በሙሉ አጥፍተህ ጫን» የሚል ምርጫ ይመጣል፤ ቃሉ የሚያደርገውን ነው የሚናገረው። በዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ቢትሎከር የሚባለው ቁልፍ በርቶ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ የመክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉ።

የመጨረሻው ነገር ጎረቤት ያልሁት ነው። በኡቡንቱና በሚንት ላይ አፕት ጌት በሚባለው ትእዛዝ የወረደ ጥቅል ሁሉ በዲስኩ ላይ ይቀመጣል፤ ቫር፥ ከዚያ ካሽ፥ ከዚያ አፕት፥ ከዚያ አርካይቭስ ብላችሁ ብትገቡ ታገኙታላችሁ። አንዱ ተማሪ ያወረደውን የአማርኛ መጻፊያ ወይም ኪውጂአይኤስ ሌላው በፍላሽ ወስዶ ሳንቲም ሳይከፍል ይጭነዋል። ይህ የሚሆነው ግን እትሙ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው፤ አንዱ ፌዶራ፥ ሌላው አርች ቢይዝ መበዳደር የለም። ሚንት 22 እና ኡቡንቱ 24.04 መሠረታቸው አንድ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጥቅል ይዋዋሳሉ፤ ስለዚህ ኡቡንቱ ያለው ባልንጀራችን ከማኅበሩ አልወጣም። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከነቀምቴ ወደ ጊምቢና ወደ ሻምቡ ግቢዎች ሲመላለሱ አንድ ፍላሽ በኪሳቸው ቢይዙ፥ አንድ ጊዜ የወረደ ነገር ሦስት ግቢ ያዳርሳል።

የዚያች ሌሊት ባለ ላፕቶፕ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን ከዊንዶውሱ ጎን ጭኗል። ቅጂውን ያገኘው ከአዲስ አበባ ከመጣ ተማሪ ፍላሽ ነው። ላፕቶፑ አሁን ካልሲ ተጠልቆ ሳያልቅ ይነሣል፤ ለፒችትሪ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል፤ ብሉቱዙ ግን እስካሁን እምቢ እንዳለው ነው፤ መላ የሚያውቅ ካለ ቢነግረን ደስ ይለናል።